ዛፍ ጋዜጣ አያነብም

ታቢታ ክሮዌል፣ ባሏን የቀበረች፣
የአዝራር ፋብሪካውን ሸጣ የጨረሰች፣
ማሳቹሴትስ ምድር፣ ባንድ የበረዶ ቀን፣ ኮሌጅ ደጅ ደረሰች።
ኑዛዜዋ አጭር ነው፤ ዛሬም ማኅደር አለ፤
ቀለሙ ቢደበዝዝ ቃሉ አልተጓደለ፦
«ዋናው አይነካ፤ ትርፉ ብቻ ይበላ፤
አንድ የድሃ ልጅ፣ ካንዱ ወዲያ ሌላ፣
ግሪክኛ ይማርበት፤ እስከ ዘለዓለም።»
ፈረመችና ወጣች። ሌላ ነገር የለም።

መቶ ዓመት አለፈ።
ዛሬ ዘለዓለምን የምንቀልባት እኛ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስድስት ደመወዘኛ።
በዓመት አራት ተኩል ከመቶ ትበላለች፤
ኪሎዋ እንዲቀንስ ግን አትፈቅድም፤ ትመዘናለች።

አለቃዬ ዊንስሎው፣ ክራባቱ የላላ፣
በዚያ በክፉው ዓመት ካክሲዮን የተጣላ፣
መስኮቱን እያየ እንዲህ አለኝ አንድ ቀን፦
«ዋጋ በየደቂቃው ሲጮህ ነው የምንባንን።
ዛፍ ግን ጋዜጣ አያነብም፤
ገበያ ወደቀ ብሎ ሥሩን አይነቅልም።
ቢረክስ ቆሞ ይጠብቃል፤
ሳትሸጪው ብታድሪ፣ ሲነጋ ወፍሯል።»

ገዛን እንግዲህ፤ የዓለም ዳርቻ፣
ኒውዚላንድ፣ አሥራ አንድ ሺህ ሄክታር፣ ጥድ ብቻ።
ከጥዱም ጎን ለጎን፣ አውራ ጎዳና ከነኬላው፣
ካልተወለደ መድኃኒት ድርሻ፣ የለውዝ እርሻ ከነውኃው፤
ስማቸው ባንድነት «አማራጭ ሀብት» ነው።
የምን አማራጭ እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም።

የጥዱን ሰንጠረዥ የምሞላው እኔ ነኝ፦
ቁመት፣ ውፍረት፣ ዕድሜ።
በሃያ ስምንት ዓመቱ ይቆረጣል ይላል።
በዚያው ሳምንት ሃያ ስምንት ሞላኝ፤
ኬክ ቆረጡልኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤
ምን እንዳሳቀኝ አልነገርኳቸውም።

ማዕበሉ የመጣው በየካቲት ነው።
ሦስት ቀን ዘነበ። የተጨፈጨፈው ተራራ
ጉቶና ግንጣዩን ከጭቃ አዋህዶ
በወንዙ ለቀቀው፤ ድልድዩ ተናደ፤
ግንዱ ባሕር ገባ፤ ባሕሩም አልወደደ፣
አላምጦ አላምጦ አሸዋው ላይ ተፋው።

እኔ ጻፍኩ፦ «ቅናሽ፣ ዜሮ ነጥብ ስምንት።
የአንድ ጊዜ ክስተት። መድን ይሸፍነዋል።»
ረቂቁ ታረመ። «ጭቃ» የሚል ቃል ነበረበት፤ ወጣ።

በግንቦት ላኩኝ፤ የተረፈውን ቆጥረሽ ነይ አሉኝ።
ራንጊማሪ የምትባል፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ
(ድልድይ ስለሌለ አውቶቡሱ ቆሟል፤ ልጆቹ በጀልባ ነው)
እጄን ይዛ ከግንድ ወደ ግንድ አሻገረችኝ።
አሸዋ አይታይም። ግራጫ እንጨት፣ እስከ ዐይን ማብቂያ፣
አጥንት የመሰለ።
«እዚህ ሥር» አለች፣ በጫማዋ ጫፍ እየነካች፣
«ዛጎል የምንለቅምበት ነበር፤ ለሠርግም፣ ለለቅሶም።»
ቁጣ ስጠብቅ ጥያቄ አመጣች፦
«ዩኒቨርሲቲ ነው ያላችሁት? ዛፉ ምን ያስተምራል?»
«ግሪክኛ» አልኳት።
ሳቀች፤ ከልቧ፤ ቆይታ ዝም አለች።
«ልጁስ? የሚማርበት? ስሙ ማነው?»

አላወቅኩም።

ቢሮ ተመልሼ ፈለግሁ። ስም የለም።
ግሪክኛ የያዘ ተማሪ ከጠፋ ይኸው ስድስት ዓመት፤
መምህሩ ጡረታ ወጥተዋል፤
ክፍሉ የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ሆኗል።
ያልተበላው ትርፍ ወደ ዋናው ዞሮ፣
ዋናው ጥድ ገዝቶበት፣ ጥዱ ቆሞ አድሮ፣
ሲነጋ ወፍሮ፣
ዊንስሎው «ምን አየሽ?» አለኝ።
ከኪሴ ቅራፊ አወጣሁ፤ ጨው የበላው፣ እንደ ጥፍር የቀለለ፤
ሪፖርቱ ላይ አኖርኩት። ጨዉ ቁጥሮቹ ላይ ረገፈ።
ሳያነሳው አየው፤
ወረቀቱን ብቻ እፍ አለና አራገፈ።

ታቢታ ሆይ፣ ደህና እደሪ።
ዋናው አልተነካም።